ለባዝራዋ የመጣው መድኃኒት

በስምንት ዓመቴ የሰው ትዳር አፍርሻለሁ። በእጄ አይደለም፣ በአፌ ነው። አፌ ዛሬም አላረፈም። ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል ደንበኛው ሁሉ «ፍሬ፣ ወሬውንም እንደ ክኒኑ ለክተሽ ስጪን እንጂ» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልዱ፣ እኔም አልምራቸውም። ያን ጊዜ ግን የሚቀልድ ሰው አልነበረም።

ስሜ ፍሬሕይወት ነው። እናቴ ጀውሃ የሹፌሮች ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ልጇ በመኪና መንገድ ዳር እንድታድግ ስላልፈለገች በአራት ዓመቴ ለታላቅ ወንድሟ ለጋሼ ተክሌና ለሚስቱ ለእትዬ ፈለቀች ሰጠችኝ። ቤታቸው ከሮቢት ወጣ ብላ በምትገኝ የቀወት መንደር ነው። አያቴ እማማ ሸዋዬም እዚያው ግቢ ትኖራለች። ጋሼ ተክሌ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ሽንኩርቱ ሲደርስ አይሱዙ ላይ ያስጭንና በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ አዲስ አበባ ይወስደዋል። አንዳንዴ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ሲመለስ ብስኩት ያመጣልኛል። ብስኩቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ እኔ ግን እስከማድግ ድረስ የአዲስ አበባ ብስኩት ሁሉ እንደዚያ የሚል ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ፈለቀች እኔን እንደወደደችኝ ማንም የወለደውን ልጅ አልወደደም። የሰው ልጅ ነኝ አይደል? አንድም ቀን አላስታወሰችኝም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ መስኖው ቦይ ትወስደኝና ውኃው ውስጥ አስቀምጣ ጭንቅላቴን በሳሙና ታሸኛለች። ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ስጮህ «ዓይንሽ ይታጠብ፣ ብዙ የማይረባ ነገር ያያል» ትለኛለች። ከቦዩ ስንወጣ ማንጎ ልጣ በእጄ ትሰጠኛለች፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ ይወርዳል፣ እንደገና ታጥበኛለች። ያ ውኃ ዛሬ የለም፣ ቦዩ በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ልጆችም አይገቡበትም። ሳልፍ ግን ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

እትዬ ፈለቀች የማጀቴ ከተማ ልጅ ናት። ሲድሯት አባቷ አንዲት ባዝራ ፈረስ ሰጥተዋታል። መልኳ ዳማ ስለሆነ ስሟም ዳማ ነበር። «በቅሎ ትወልድልሻለች» ብለው ነው የሰጧት። በኛ አገር ደጅ ላይ የታሰረች በቅሎ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ከብት ሲረባ «ገዷ ቀና» ትባላለች። ካልረባ ግን ከብቱ ብቻ አይደለም የሚታማው። ዳማ አንድ ጊዜ ከአህያ አርግዛ ጨነገፈች። ከዚያ ወዲህ ድንጉላ አህያ በቀረበላት ቁጥር ባዶዋን ትመለሳለች። እትዬ ፈለቀችም ካገባች ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ልጅ የላትም። ሁለቱን ደምሮ መናገር ለአያቴ በጣም ይቀላት ነበር።

«ባዝራዋም እንደ እመቤቷ ናት» ትላለች፣ እትዬ ፈለቀች እየሰማች። «ገደ ቢስ፣ ገደ ቢስን ትጎትታለች። ተክሌ፣ እስከ ግንቦት ልደታ ጠብቅ። ከዚያ ባዝራዋም ትሸጥ፣ አንተም ልብ ግዛ።»

ጋሼ ተክሌ ተነስቶ ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል። እኔ የገባኝ ዳማ ልትሸጥ መሆኑ ብቻ ነበር። «ልብ ግዛ» የሚለው እትዬ ፈለቀችን ስደድ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የካቲት ላይ ጋሽ ጁነይድ ድንጉላ አህያውን እየሳበ መጣ። ጋሽ ጁነይድ በጀውሃ በኩል የሚኖር ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። አህያውን ከራሱ አስበልጦ ነው የሚያበላው። ዳማን ሊያስጠቃ ቀረብ አለ፣ ጅራቷን አነሳ፣ አየ፣ አሸተተ። ከዚያ አህያውን ወደ ኋላ ጎተተው።

«አላስጠጋም» አለ። «ወላሂ አላስጠጋም። ይቺ ባዝራ ታማለች።»

«መካን ናት እንጂ ምን ታማለች?» አለች አያቴ።

«መካን አይሸትም፣ እማማ» አላት ጋሽ ጁነይድ።

እትዬ ፈለቀች ያቺን ቃል ስትሰማ እጇን ከቡኾው አውጥታ ቆመች። በማግስቱ ማንንም ሳታስፈቅድ ሮቢት ወርዳ የእንስሳት ሐኪም ይዛ መጣች። ፍፁም ይባላል፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ቀጭን ልጅ ነው፣ ሞተር ብስክሌት አለው። መንደርተኛው ሞተሩን ለማየት ተሰበሰበ፣ እኔ ደግሞ ግቢያችን ያለው የማንጎ ዛፍ ላይ ወጣሁ።

ዳማን በአራት እንጨት መሀል አቆሟት። እትዬ ፈለቀች የባዝራዋን ራስ ያዘች፣ ጋሼ ተክሌ ጅራቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎን ያዘ። ሐኪሙ በሳሙና አጠባት፣ እስከ ትከሻው የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጠለቀና እጁን አስገባ። ክንዱ በሙሉ ጠፋ! እኔ ማንጎው ላይ ሆኜ ሆዴን ያዝኩ። ዳማ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዝም አለች። ጓንቱ ሲወጣ ቢጫ መግል ይዞ ነው የወጣው።

«ጨንግፋ ታውቃለች?» አለ ሐኪሙ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት» አለች አያቴ። «የእንግዴ ልጁም አልወጣ ብሎ ጎረቤት በእጁ ስቦ ነው ያወጣላት።»

«እጁን ታጥቦ ነበር?»

ጎረቤትየው ከሰዉ መሀል ሆኖ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሐኪሙም የተቆጣ አልመሰለም። «መካን አይደለችም» አለ። «ማሕፀኗ ቆስሎ መግል ቋጥሯል። የታመመና የመከነ አንድ አይደለም። ይሄ በመድኃኒት ይድናል።»

የዳማ ገመድ ከእትዬ ፈለቀች እጅ ወደቀ። ወዲያው አነሳችው። እኔ ባዝራዋ የጎተተችባት መስሎኝ ነበር።

ሕክምናው አምስት ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት እትዬ ፈለቀች በአዲስ ድስት ውኃ በጨው ታፈላለች፣ ከድና ታቀዘቅዘዋለች። ሐኪሙ ረጅም ቀጭን ጎማ አስገብቶ፣ በላዩ ላይ የላምባ መቅጃ የመሰለ ነገር ሰክቶ፣ ውኃውን ያወርዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ያጥባታል። ከዚያ ከትንንሽ ጠርሙሶች ነጭ ዱቄት በንጹሕ ውኃ ይበጠብጥና በዚያው ጎማ ያስገባላታል። ፔኒሲሊን ነበር። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ባሸተው አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ከማንጎው ወርጄ አጠገቡ ሄድኩና ጠየቅሁት።

«ምንድነው የምታስገባላት?»

«ውርንጭላ ነዋ» አለኝ ኮስተር ብሎ። «በጥብጠን ነው የምናስገባው። ሆዷ ውስጥ ሲገባ ይረጋል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ምን ያስቃል ብዬ ተናደድኩ። ነገሩ ፍጹም የሚገባ ነገር ነበር፤ ወተት ይረጋ የለም እንዴ? ውርንጭላም ቢረጋ ምን ይገርማል? እንግዲህ የጥፋቴ ሁሉ መነሻ ይቺው ናት። ሐኪሙ ለቀልድ ያላትን እኔ እንደ ወንጌል ያዝኳት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጁነይድ ሊጠይቅ መጣ። መግሉ ቆሞ፣ ውኃው ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። «ኧረ ዳነች!» አለ።

«ገና ናት» አለው ሐኪሙ። «ይልቅ አህያህም መታየት አለበት። ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚተላለፍ በሽታ አለ። እሷን አክመን እሱን ብንተወው መልሳ ትታመማለች።»

«አህያዬ እኮ ወንድ ነው!»

«እኔም ያልኩህ ስለ ወንዱ ነው።»

የተሳቀው ሳቅ አይነገርም። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ተክሌ ብቻ አልሳቀም። ጅራቷን ለሌላ ሰው አስይዞ «ውኃ ለቅቄ ነበር የመጣሁት» ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። የጓንቱ ነገር አስፈርቶት ነው ብዬ ለእትዬ ፈለቀች ነገርኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም፣ የሄደበትን መንገድ ነበር የምታየው።

በዚያው ቀን አያቴ «በቃ ጠራች፣ አህያው ይምጣ» ብላ ተነሳች። እትዬ ፈለቀች መሀል ገብታ ቆመች። «አምስት ቀን ተብሏል እማማ፣ አምስት ቀን ነው። ይተዉ» አለቻት። አያቴን ስትቃወም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ቀን ነው። ዛሬ «ስለተሻለኝ ተውኩት» ብሎ ግማሽ ካፕሱሉን በኪሱ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሳይ፣ ድስቷን ይዛ አያቴ ፊት የቆመችውን ፈለቀችን ነው የማስታውሰው። ከዚያ እጮህበታለሁ።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ሲጨርስ እትዬ ፈለቀች እጁን ታስታጥበው ነበር። ሰው ተበትኗል። እኔ ከላያቸው ማንጎው ላይ ነኝ፣ እንዳለሁ ረስተውኛል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «ይሄ ነገር… ሰውም ላይ ይሆናል?»

ሐኪሙ ሳሙናውን ማሸት አቆመ። «ይሆናል፣ እትዬ ፈለቀች።»

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፣ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወገቤን…» አለችና የቀረውን ዝቅ አድርጋ ተናገረች፣ አልሰማሁም።

«እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም» አላት። «ግን ጤና ጣቢያ ዓይናለም የምትባል ነርስ አለች፣ ጎበዝ ናት። ማክሰኞ ነይ፣ እኔው ወስጄ አገናኝሻለሁ። አትፈሪ።»

እኔ የሰማሁት ይሄን ነው፣ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። ለእሷም በጥብጦ ሊያስገባላት ነው አልኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወንድ ይሁን ሴት ብዬ ስም ስመርጥ ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ እኔን አስከትላ ሮቢት ወረደች። ጤና ጣቢያው በር ላይ የሐኪሙ ሞተር ቆሟል። እሱ ወጣና ሰላም አላት፣ ይዟት ገባ፣ ነጭ መጋረጃ ከኋላቸው ወደቀ። እኔ ቦምቦሊኖ ተገዝቶልኝ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ወዲያው በሌላ በር ወጥቶ ወደ ሥራው ሄዶ ኖሯል፤ ይሄን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው፣ ያኔ ሲወጣ አላየሁትም። እሷ ብዙ ቆይታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ አለ። እጄን ይዛ መንገድ ላይ ቆመችና «ፍሬዬ፣ እዚህ መምጣታችንን ለማንም አትንገሪ፣ በሞቴ» አለችኝ። «ማርያምን» ብዬ ማልኩላት።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ሌላ ጉድ አየሁ። ከጎተራው ኋላ ዶሮ ሳባርር ጋሼ ተክሌ ተቀምጧል። እትዬ ፈለቀች ኩባያ ውኃ ይዛ ከፊቱ ቆማለች። መዳፉ ላይ ሁለት ካፕሱል አለ። «ዋጠው» አለችው። እንደዚያ ባለ ድምፅ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም። አንገቱን ደፍቶ ዋጠ። ቀና ሲል አየኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እሱም ሊያረግዝ ነው ብዬ በሳቅ ሞትኩ፣ ጎተራውን ተደግፌ ሳቅሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተደበቅሁ ሲውጥ አየሁት።

የሰው ሆድ ሁለት ምስጢር ይችላል? የኔ አልቻለም። ሌሊት ሳይቀር ምላሴ ይበላኝ ነበር።

መጋቢት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር በኛ ቤት ወጣ። ግቢው በሰው ሞላ፣ ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይቆረሳል። የእድራችን ዳኛ አቶ ሰይፉ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። አያቴ ሁለት ጽዋ ጠጥታ ሞቅ ብሏታል። እኔ ዳቦ ሳዞር ክንዴን ያዘችና ለሰዉ ሁሉ አሳየችኝ።

«እዩልኝ» አለች፣ «በዚህ ቤት ያለችው ፍሬ ይቺው ናት፣ እሷም የሰው። ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው፣ ከገደ ቢስ ጋር አስሬው።»

እትዬ ፈለቀች ጋን አጠገብ ጎንበስ ብላ ጠላ ትቀዳ ነበር። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ማስቀጃው ሞልቶ ጠላው መሬት ሲፈስ አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ የተናገርኩት ስለወደድኳት ነው።

«እትዬ ፈለቀችም ትወልዳለች!» ብዬ ጮህኩ። «ሐኪም ፍፁም ለዳማ እንዳስገባላት ለእሷም አስገብቶላታል! ሮቢት ሄደን፣ መጋረጃ ውስጥ ገብተው፣ እኔ ውጭ ቦምቦሊኖ እየበላሁ ስጠብቃቸው ነበር!»

አንዲት ሴትዮ ሳቀችና መልሳ አፏን በእጇ ያዘች። የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ይጠራልኛል ብዬ «ጋሼ ተክሌም እኮ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ከጎተራው ኋላ!» አልኩ። ይቺን የሰማኝ የለም። አያቴ ቀድማ ተነስታ ነበር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር።

እትዬ ፈለቀች ቀና አለች። እኔን የምታየኝ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። የምታየው ግን ከኋላዬ በሩ ላይ ዳቦ ይዞ የቆመውን ጋሼ ተክሌን ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው። እሱ መሬት መሬት አየ።

«ውጪልኝ ከቤቴ!» አለች አያቴ።

እትዬ ፈለቀች ማስቀጃውን በቀስታ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። ወደ መኪና መንገዱ ስትሄድ ሮጬ ደረስኩባትና ቀሚሷን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችና ሄደች። አልሳመችኝም። ማጀቴ፣ አባቷ ቤት ገባች ተባለ።

ጋሼ ተክሌ ሦስት ቀን አልበላም። ሽንኩርቱን ውኃ የሚያጠጣው ጠፍቶ ቅጠሉ ተኛ። አያቴ «ተገላገልን» ትላለች፣ መልሳ «ምን ነካው ይሄ ልጅ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ከዳማ እግር ሥር ተቀምጬ እውል ነበር። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ተክሌ ተነስቶ ፊቱን ታጠበና ዳማን ጫነ። አቶ ሰይፉ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አያቴ «እሰይ፣ ይቺም ትሂድልን» አለች። ሊሸጧት ነው ብዬ ገመዱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ አፈር ስሆን ብዬ ለመንኩት። ጋሼ ተክሌ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ያን ቀን ያልሽውን ሰምቼሻለሁ» አለኝ።

«የቱን?»

«የኋለኛውን» አለና ገመዱን ከእጄ ወሰደ።

በሄዱ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ «መጡ! መጡ!» እያሉ ሮጡ። እትዬ ፈለቀች ዳማ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ተክሌ ከፊት በእግሩ ገመዱን ይዞ ይመራል፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። አቶ ሰይፉ ከኋላ ናቸው። ባል በእግሩ ሚስት በባዝራ! መንደሩ በሙሉ አጥር ላይ ወጥቶ አየ። አያቴ በሩን ዘግታ ቆማለች። ጋሼ ተክሌ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። አጭር ነበር። አያቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ቆይታ ተነሳችና በሩን ከፈተች፣ እትዬ ፈለቀች ስትወርድም እርካቡን ራሷ ያዘችላት። ዳማ ማርገዟን ነው የነገራት አልኩ እኔ። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ወሬ አልነበረም።

ዳማ በእርግጥ በኋላ አረገዘች። የጋሽ ጁነይድ አህያ ታይቶ፣ ንጹሕ ነው ተብሎ፣ ባለቤቱም ለወር ያህል «አላልኳችሁም?» እያለ ኮርቶ ከሄደ በኋላ ነው። በዓመቱ ጆሮዋ ረጅም፣ እግሯ መለሎ የሆነች በቅሎ ወለደች። እትዬ ፈለቀች ግን አልወለደችም። መድኃኒቱ በሽታውን አጥፍቷል፣ ሕመሟም ለቋታል፣ ወደ ማሕፀኗ የሚወስደው መንገድ ግን ሰባት ዓመት ቆስሎ ቆይቶ ጠባሳው ዘግቶታል። ልጃቸው እኔው ሆኜ ቀረሁ። አያቴ እስክትሞት ድረስ «ገደ ቢስ» የሚለውን ቃል ደግማ አላነሳችም። የጎመዘዘው ወሬ ግን ሰዉ አፍ ላይ ቆየ፤ ገበያ ላይ ጋሼ ተክሌን «ሽንኩርት ሸጠህ ምን ገዝተህ መጣህ?» እያሉ ይጎሽሙት ነበር። ይስቃሉ፣ እሱ ሽንኩርቱን ይመዝናል። ለምን እንደሚስቁ አይገባኝም ነበር።

የገባኝ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። አስተማሪያችን «እንዲህ ያለውን የማሕፀን በሽታ ሚስትን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፣ ባልም አብሮ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ የሚያመጣውም እሱ ነው» ስትል፣ ከጎተራው ኋላ ያለው መዳፍ ፊቴ ድቅን አለ። አዲስ አበባ የሚያድርባቸው ሳምንቶች፣ ብስኩቱ፣ የዚያን ቀን አለመሳቁ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ያኔም ቢሆን የራሴ ጥፋት ከላዬ አልወረደም። በሽታውን ያመጣው እሱ ይሁን፣ ያቺን ሴት በሃምሳ ሰው ፊት ያዋረድኳት ግን እኔ ነኝ።

ጋሼ ተክሌ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ግንቦት እትዬ ፈለቀች የግፊት ክኒኗን ልትወስድ መድኃኒት ቤት መጣች። ቀትር ነው፣ ሙቀቱ ሰዉን ቤቱ ከትቶታል፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ወንበር ሰጠኋት፣ ውኃ ቀዳሁላት። ሃያ ዓመት የያዝኩትን ያን ቀን ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

«የማኅበሩን ቀን ይቅር በይኝ» አልኳት።

ምን እንደምል ወዲያው ገባት። ውኃዋን ጠጥታ ጨረሰች።

«ተክሌና ሰይፉ ማጀቴ ሲመጡ አባቴ ሽማግሌ ሰብስበው ተቀምጠው ነበር» አለች። «ሰይፉ እንደ ወጉ ‹የልጅ ወሬ ነው፣ ሚስቱን ይስጡት› ብሎ ጀመረ። ተክሌ አቋረጠው። ከሽማግሌው መሀል ተነስቶ ቆመ። ‹ልጅቷ ያለችው ግማሹ እውነት ነው፣ መድኃኒት እየዋጥኩ ነው› አለ። ‹በሽታውን ከአዲስ አበባ አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ያልወለደችው በኔ ነው› አለ። እንደዚህ ብሎ፣ በአባቴ ፊት። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።»

«ለእማማም ይሄንኑ ነው በር ላይ የነገራት?»

«ይሄንኑ።»

«እኔ እኮ ዳማ አረገዘች ያላት መስሎኝ ነበር» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች፣ የድሮ ሳቋን። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ግን በሰው ፊት…» አልኩ፣ አልጨረስኩትም።

«ስሚኝ» አለችኝ። «ዓይናለም ነገሩን ስትነግረኝ እቤት ሄጄ ለእሱ ማልኩለት። ገበናህን ሸፍኜ እሞታለሁ፣ ብቻ መድኃኒቱን ዋጥልኝ አልኩት። ደስ አለው። እጄን ሳመኝ። እኔ መካን ተብዬ፣ እሱ ወንድ ተብሎ፣ እንዲሁ ልናረጅ ተስማምተን ነበር እኮ። ያን ቀን አንቺ ዝም ብትይልኝ ኖሮ፣ ፍሬዬ፣ እኔ እስከ ዛሬ ገደ ቢስ ነበርኩ።»